የከተሞች የኑሮ ደረጃ እንዴት ይወጣል? ጎሬና መቱ በየትኛው መስፈሪያ?

ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በነበረችበት ዘመን መቀመጫዋ ጎሬ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው አገሩን ያስተዳደሩት ከዚያ ሆነው ነው፤ የእንግሊዝ ቆንስላም በከተማዪቱ ይገኝ ነበር። የአካባቢው ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ይወርድና ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ በእንደራሴነት የመንግሥቱን ሥራ የቀጠሉት በጎሬ ነው፤ ጣሊያኖች ከተማዪቱን የያዟት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነበር።

በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ተዛወረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲውም ካርል ሆስፒታልም የሚገኙት በመቱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ለኑሮ የምትሻለው የትኛዋ ናት? መልሱ የሚወሰነው በመስፈሪያው ነው።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚጠቀሱት ዝርዝሮች አንዱን የሚያወጣው ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ነው። ተቋሙ 173 ከተሞችን ያወዳድራል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ኮፐንሃገን ቪየናን ቀድማ አንደኛ ሆናለች። ከመቶው ነጥብ 25ቱ ለሰላምና መረጋጋት፣ 25ቱ ለባህልና አካባቢ፣ 20ው ለጤና፣ 20ው ለመሠረተ ልማት፣ 10ሩ ለትምህርት ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ከሚያገለግሉባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ድርጅቶች ወደ ውጭ አገር ለሚልኳቸው ሠራተኞች የሚከፍሉትን የችግር አበል መወሰን ነው። ስለዚህ ሙቀቱና እርጥበቱ ለእንግዳ ሰው ይከብድ እንደሆነ ሳይቀር ይመዘናል። በጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። ይህ ለቡና አምራቹ ሲሳይ ነው፤ ለአበል ተመኑ ግን ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል።

ለእያንዳንዱ መመዘኛ የሚሰጠው ክብደት ምን ያህል ውጤት እንደሚለውጥ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንዲት ከተማ በአካባቢ 90፣ በአገልግሎት 40 አገኘች እንበል፤ ሌላዪቱ በአካባቢ 60፣ በአገልግሎት 70። ለአካባቢ 70 በመቶ፣ ለአገልግሎት 30 በመቶ ክብደት ከተሰጠ የመጀመሪያዪቱ 75፣ ሁለተኛዪቱ 63 ያገኛሉ። ክብደቱ ሲገለበጥ ግን የመጀመሪያዪቱ ወደ 55 ትወርዳለች፣ ሁለተኛዪቱ ወደ 67 ትወጣለች። በከተሞቹ ውስጥ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነሣም፤ የተለወጠው የመዛኙ ፍላጎት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መምታታት ማጥራት ያስፈልጋል። በኦሮሚያ ክልል ከተሞች «አንደኛ ደረጃ»፣ «ሁለተኛ ደረጃ» እየተባሉ ሲመደቡ የሚነገረው የኑሮ ጥራት አይደለም። ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የከተሞች አዋጅ ከተሞችን በአራት ደረጃ የመደበው በዋናነት የሕዝብን ብዛት መነሻ አድርጎ ነው። ብዙ ሕዝብ ያለው ከተማ ንጹሕ ውኃ ላይኖረው ይችላል።

አገሮችን ለማወዳደር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበት የሰብአዊ ልማት መለኪያ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ብቻ ይዞ ይነሣል። ሚዛኑ ጠባብ ቢሆንም ከምግብ ቤትና ከቲያትር ይልቅ ለገበሬው ይቀርባል። ሆኖም የአገር አማካይ በመሆኑ በቦሌ የሚኖረውንና በጎሬ ዙሪያ ቡና የሚለቅመውን በአንድ ቁጥር ያጠቃልላቸዋል።

ወደ ቤት ደጃፍ የሚዘልቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ስለ ከተማው ስም አይጠይቅም፤ በየቤቱ አሥር ነገሮችን ይመለከታል። ከእነዚህም መካከል ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸው፣ የመኖሪያው ወለልና ግድግዳ፣ መብራት፣ መጸዳጃ እንዲሁም የማብሰያው ማገዶ ይገኙበታል። በእንጨት ወይም በከሰል የሚያበስል ቤት በዚያ መስፈርት የጎደለው ተብሎ ይቆጠራል።

ውኃን በሚመለከት ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው፤ ንጹሕ ነው ወይ፣ ደርሶ ለመመለስስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳል ወይ? በዚህ ሚዛን የዝናቡ ብዛት ነጥብ አያስገኝም። ዓመቱን ሙሉ ከማይደርቅ ነገር ግን ካልጎለበተ ምንጭ የሚቀዳ ቤተሰብ፣ ምንጩ ከጓሮው ቢሆን እንኳ፣ ውኃ እንደሌለው ይመዘገባል።