የአየር ክብደትና የውሃ መሳቢያ ሞተር በደጋ አገር

በየወረዳው የመስኖ እርሻ እየተስፋፋ ሲሄድ የውሃ መሳቢያ ሞተር መብዛቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ሞተሩ አዲስ፣ ወንዙም ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃው አልወጣ ያለ እንደ ሆነ፣ ባለ እርሻው ሻጩን፣ ሻጩም ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ በዚህ መካከል ሽንኩርቱ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ጥፋት የግፊትን ልክ ካለማወቅ ሊመጣ ይችላል።

በመጀመሪያ በሞተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መረዳት ያስፈልጋል። አንዱ ፋብሪካ ግፊቱን በባር፣ ሌላው በኪሎ ፓስካል፣ ሌላውም በእንግሊዝ ልክ፣ ይኸውም በአንድ ኢንች ካሬ ላይ በሚያርፍ ፓውንድ ይጽፈዋል፤ ይህም ፒ.ኤስ.አይ. ይባላል። አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በእንግሊዝ ልክ 14.5 ፓውንድ ይሆናል። ለእርሻ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀለው በውሃ ቁመት መቁጠር ነው፤ 10.2 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ከሥሩ አንድ ባር ይጫናልና። እንግዲህ 43 ፓውንድ የተጻፈበት ሞተር፣ ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም፣ 3 ባር ከተጻፈበት አይበልጥም፤ ሁለቱም ውሃውን ሽቅብ 30 ሜትር ያህል ይገፋሉ።

ይሁን እንጂ 30 ሜትር የሚገፋ ሞተር ከ30 ሜትር ጥልቀት ይስባል ማለት አይደለም። መሳቢያው በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳዋል እንጂ ውሃውን አይጎትተውም። ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው በወንዙ ፊት ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1644 ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ ይህን በባዜቃ መርምሮ ገለጸ። በ1648 ደግሞ የፈረንሳዊው የፓስካል አማች ፔሪዬ፣ ፓስካል ባዘዘው መሠረት፣ ባዜቃውን ይዞ ፒዩ ደ ዶም ተራራ ላይ ቢወጣ ከታች ከነበረበት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ያለ አገር አየሩ ቀላል መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ለደጋ ገበሬ ቁም ነገሩ ይህ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 10.3 ሜትር ውሃ ሊሸከም ይችላል። በጣና ዳር 8.3 ሜትር ያህል ነው፤ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ 7.7 ሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው በባሕር ጠረፍ ልክ «7 ሜትር ይስባል» ብሎ የጻፈለት ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ 2.6 ሜትር ተቀንሶበት ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ሊታመን አይገባውም። ቧንቧው ረጅምና ጠባብ ከሆነ ከዚህም ይጎድላል፤ መጋጠሚያው አየር የሚያስገባ ከሆነማ ፈጽሞ ላይስብ ይችላል።

እንግዲህ ሞተሩ የሚቆምበትን ስፍራ የሚመርጥ ሹም ከፍታውን ከውሃው ፊት ጀምሮ ቀጥ አድርጎ ያስለካ፤ የሚለካውም ወንዙ በሚጎድልበት በበጋ እንጂ በክረምት አይሁን። ሞተሩ ጎርፍ ከማይደርስበት ሳይርቅ ወደ ውሃው ይጠጋ፤ የመሳቢያው ቧንቧ አጭርና ሰፊ ይሁን፤ የቀረው ዳገት በመግፊያው በኩል ይወጣ፤ በመግፋት በኩል የአየሩ መሳሳት ውሃውን አያግደውምና። የነዳጅ ሞተሩ ራሱ ግን በሳሳ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሲገዛ ጥቂት ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ጉድጓዱ ጥልቅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋውን ዓይነት መግዛት ነው።