የኤሌክትሪክ ዋጋና የቤት አስተዳዳሪ ጥንቃቄ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው እህሉን በመከር ገዝቶ በጐተራ ያስቀምጣል፤ ክረምት ቢገባ፥ ዋጋም ቢወደድ አይደነግጥም። የኤሌክትሪክ ኀይል ግን እንደ እህል አይደለም። ባትሪ ጥቂቱን ለጥቂት ሰዓት ማቈየት ቢችልም፥ የሚበዛው ኀይል የሚመነጨው በሚፈጅበት በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ ፈላጊው በዝቶ አመንጪው ባነሰ ጊዜ ዋጋው በድንገት ይወጣል።

ይህም ምን ያህል ጕዳት እንደሚያመጣ፥ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር ታይቷል። በዚያ የሚበዛው ሰው ኀይል የሚሸጥለትን ነጋዴ ራሱ ይመርጣል። አንዳንዱ ነጋዴ በቍርጥ ዋጋ ይዋዋላል፤ ግሪዲ የሚባለው ኩባንያ ግን ለራሱ በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም እየተቀበለ፥ ኀይሉን በጅምላው ገበያ በሚወጣው ዋጋ ያቀርብ ነበር። በደኅናው ቀን ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ስለ ነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ወደደው።

ኋላ ግን ብርቱ ውርጭ ወረደ። የጋዙ ጕድጓድና ማመንጫው በበረዶ ተያዘ፤ ሰው ኹሉ ቤቱን ለማሞቅ ኀይል ፈለገ፤ የግዛቲቱም መሥመር ከጎረቤቶቿ ጋራ እምብዛም ስላልተገናኘ በቂ ርዳታ አልመጣም። ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ቤትና ድርጅት ኀይል ተቋረጠበት፤ መንግሥት በቈጠረው 246 ሰዎች ሞቱ። የጅምላውም ዋጋ ሕግ እስከ ፈቀደው ጫፍ፥ ይኸውም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት እስከ 9 ዶላር ወጥቶ ለቀናት በዚያው ቆየ። በዚህ ሒሳብ በቀን 50 ኪሎዋት ሰዓት የፈጀ ቤት 450 ዶላር ዕዳ ገባበት። በቍርጥ ዋጋ የተዋዋለው ጎረቤቱ ግን ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የከፈለው የቀድሞውን ዋጋ ነው።

በዚያው ዓመት ግሪዲ ከሰረ፤ ሕግ አውጪዎችም እንዲህ ያለው ውል ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ ከለከሉ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ጫፍ ወደ 5 ዶላር ዝቅ ተደረገ።

እንግዲህ ርካሽነት ብቻውን ትርፍ አይደለም፤ የክፉውን ቀን ሸክም ማን እንደሚሸከመው መጠየቅ ይገባል። ፋብሪካ ሥራውን ለጥቂት ሰዓት ሊያቆም ይችላል፤ በማቆሙም ክፍያ የሚያገኝ አለ። ሕፃንና ሽማግሌ ያሉበት ቤት ግን በውርጭ ሌሊት ማሞቂያውን ሊያጠፋ አይችልም። ስለዚህ ተለዋዋጭ ዋጋ የሚስማማው ፍጆታውን ለመቀነስ ለሚችልና ለክፉ ቀን ገንዘብ ላስቀመጠ ሰው ነው።

በዚያ ላሉ ወገኖቻችን የምንመክረው ይህን ነው። ዋጋው እስከ መቼ የተቈረጠ እንደ ኾነና ውሉን አስቀድሞ ለማፍረስ ምን እንደሚከፈል ሳያነቡ አይፈርሙ። ውሉ የሚያልቅበትንም ቀን ጽፈው ያኑሩ፤ ቀኑ ሲያልፍ ዋጋው በየወሩ ወደሚለዋወጥ ውል ሊገቡ ይችላሉና። በሌሊት ዋጋ የሚቀንስ ውል ያላቸው የልብስ አጠባውን ወደ ሌሊት ቢያዛውሩት ይጠቀማሉ። የቤት ሰላም ከሚጠበቅባቸው ነገሮች አንዱ፥ የነገን ወጪ ዛሬ ማወቅ ነው።