ቀና ያለ ራስ፣ የተጣመመ ጀርባ

«ቀና በይ እንጂ!» የተባለች የ12 ዓመት ልጅ ለአፍታ ቀና ትላለች። አገጯን ታነሳለች፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ትስባለች፣ ከዚያ ተመልሳ ስልኳ ላይ ትደፋለች። ወላጆቿ መስጋታቸው ደግ ነው፤ የሚያዩት ግን የተሳሳተ ቦታ ነው። ስኮሊዮሲስ የሚባለው የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም ብዙውን ጊዜ ራስና አንገት ላይ አይታወቅም። ራስ ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ፊት ለፊት እያየ፣ ከሸሚዙ ሥር ያለው አጥንት 30 ዲግሪ ተጣሞ ሊገኝ ይችላል።

ዲግሪው የሚለካው ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የአጥንት ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። ራጁ ላይ ከጥምዙ በላይና በታች ይበልጥ ያዘነበሉት ሁለት አንጓዎች ተመርጠው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ይለካል። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ነው። ከ100 ታዳጊዎች ሁለት ሦስቱ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ አብዛኞቹም ቀላል ናቸው። በቀላል ጥምዝ ወንዱና ሴቷ ብዙም አይበላለጡም፤ ማዕዘኑ እየሰፋ ሲሄድ ግን ሴቶቹ በብዙ እጥፍ ያይላሉ። ራጅ ጠፍጣፋ ምስል በመሆኑ ወደ ጎን መሄዱን ያሳያል እንጂ አንጓዎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞሩ መሄዳቸውን በግልጽ አያሳይም። በአንድ ወገን ጎድን ወደ ኋላ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ መዞር ነው።

ታዲያ ራስ አብሮ የማያዘነብለው ለምንድን ነው?

ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ዱቡሴ ራስን እንደ አንድ የአከርካሪ አንጓ ነው የቆጠረው፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠ፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን አንጓ። በእሱ አስተሳሰብ ሰው ሳይደክም መቆም የሚችለው ራሱ ከዳሌውና ከእግሮቹ በላይ በጠባብ ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ ከወጣ ጡንቻዎች ያለ ፋታ መሥራት ይኖርባቸዋል። ዓይን በበኩሉ አግድሙን መስመር ይፈልጋል፤ የውስጥ ጆሮና የአንገት ጡንቻዎችም ራስ የት እንዳለ ለአንጎል ያለማቋረጥ ይናገራሉ። ስለዚህ ደረት ላይ ወደ ቀኝ የወጣ ጥምዝ ካለ፣ ከላይና ከታች ወደ ግራ የሚመልሱ ትንንሽ ጥምዞች ይፈጠሩና ራስ መሃል ላይ ይቀመጣል። ሐኪሞች ይህንን ለማወቅ ቱንቢ ይጥላሉ፦ ክሩ ከአንገት ሥር በእጅ ከሚዳሰሰው ሰባተኛ አንጓ ተነስቶ በመቀመጫ መሃል ለመሃል ከወረደ ሰውነት ሚዛኑን ጠብቋል ይባላል። ሚዛን ጠበቀ ማለት ግን ቀጥ አለ ማለት አይደለም። አንዲት ልጅ ድርብ ጥምዝ ኖሯት ቱንቢው ፍጹም መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህን መደበቅ በታሪክ ከሁሉ በላይ ያሳየው የአንድ እንግሊዛዊ ጀርባ ነው። ጊዲዮን ማንቴል ኢጓኖዶን የተባለውን ጥንታዊ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1825 ለዓለም ያስተዋወቀ ሐኪምና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር። በ1841 የሠረገላ አደጋ ከደረሰበት በኋላ ቀሪ ሕይወቱን በጀርባ ሕመም እየተሠቃየ፣ ሕመሙንም በኦፒየም እያስታገሠ ኖረ፤ በ1852 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ክፉኛ የተጣመመ አከርካሪ ተገኘ። በሕይወት ሳለ ግን ከውጭ ያን ያህል አይታይም ነበር። ነገሩን በቅርብ ያጠናው ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም አዳምስ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቆመን ሰው ከማየት ይልቅ ያጎነበሰን ሰው ማየት እንደሚበልጥ አስረዳ። ምርመራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ መሣሪያ የማይፈልግ ምርመራ ነው። ልጁ ጀርባውን ገልጦ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አጋጥሞ፣ ራሱን ለቆ ያጎነብሳል። ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው አንደኛው የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ካገኘው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አንገት እውነቱን የሚናገርበት ጊዜም አለ። ጥምዙ ከደረት የላይኛው ክፍል፣ ከአንገት ሥር ከጀመረ፣ አንደኛው ትከሻ ይነሳል፣ አንገትም ወደ ጎን ያደላል። ቀዶ ሐኪሞች ይህን የላይኛውን ጥምዝ በጥንቃቄ የሚመረምሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የታችኛውን ትልቁን ብቻ አቃንተው ቢተዉ፣ ልጅቷ ቀጥ ባለ ጀርባና በተንጋደደ ትከሻ ከቀዶ ጥገና ክፍል ልትወጣ ትችላለች።

ከጎን ሲታይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ ከሁሉም የሚያስገርመው ይኸኛው ይመስላል። ጤናማ ጀርባ ደረት ላይ በትንሹ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ አንገት ላይ ደግሞ ወደ ፊት እንደ ደጋን ይለመጣል። በታዳጊዎች ስኮሊዮሲስ የደረቱ ጉብጠት ብዙ ጊዜ ይጠፋና ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል። መሠረቱ ሲቃና በላዩ ያለው አንገትም ደጋንነቱን ያጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ተቃራኒው ይገለበጣል። እንዲህ ያለ የአንገት ራጅ ያየ ቤተሰብ «ስልክ ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ስኮሊዮሲስ ባለበት ልጅ ግን አንገቱን ያቃናው ከሥሩ ያለው ጀርባ ነው።

ስልክ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። ኒው ዮርክ የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ኬኔት ሃንስራጅ በ2014 ባወጣው ስሌት ራስ 60 ዲግሪ ሲደፋ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ቁጥሩ በኮምፒውተር የተሰላ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም፤ ያም ሆኖ ሰዓታት ሙሉ የደፋ አንገት መድከሙና ማመሙ አያከራክርም። ግን መድፋት ወደ ፊት ነው፤ ስኮሊዮሲስ ወደ ጎንና በመዞር። ከባድ የትምህርት ቤት ቦርሳም፣ አተኛኘትም ስኮሊዮሲስን አያመጡም። ዝንባሌው በቤተሰብ ይወረሳል፤ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2011 ከችግሩ ጋር የተያያዘ የዘረ መል ቦታ ለይተዋል። «ቀና በይ» ስትባል የኖረች ልጅ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ መስማት ይገባታል።

ምክንያቱ በእርግጥ ከራስ ወይም ከአንገት የሚጀምርባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። የትንሿ አንጎል የታችኛው ጫፍ ወደ አንገት ቱቦ ሲወርድ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀምና ጀርባን ሊያጣምም ይችላል። ጥምዙ ያልተለመደ አቅጣጫ ከያዘ ወይም ልጁ ገና ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ኤምአርአይ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የአንገት አንጓዎቻቸው ተጣብቀው በተወለዱ ልጆችም፣ ክሊፔልና ፋይል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1912 በገለጹት ችግር፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ስኮሊዮሲስ ይገኛል። ራሱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚጥል ልጅ ደግሞ ዓይኑ መታየት አለበት፤ የዓይን ጡንቻው ደክሞ ነገሮች እንዳይደረቡበት እያዘነበለ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ራሱ ለረጅም ጊዜ በአንገት በኩል ሲሞከር ቆይቷል። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው የሚልዎኪ ብሬስ ከዳሌ ተነስቶ በብረት ዘንግ እስከ አገጭ የሚደርስ ድጋፍ ነበር። አገጩ በድጋፉ እየተገፋ የብዙ ልጆች መንጋጋና ጥርስ ተዛባ፤ በኋላ ድጋፉ ወደ ጉሮሮ ዝቅ ተደረገ። በ1970ዎቹ የመጣው የቦስተን ብሬስ የአንገቱን ቀለበት ጨርሶ አስወግዶ በልብስ ሥር የሚደበቅ ሆነ። በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ብሬስ ካደረጉት ታዳጊዎች 72 በመቶ፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን መጨረሳቸውን አሳይቷል። ዋናው የሰዓት ነገር ነው፤ ብሬሱን ብዙ ሰዓት ያደረገ ይበልጥ ይጠቀማል፤ እድገት ካበቃ በኋላ ግን ፋይዳው ያከትማል።

ዛሬ ራስ ለሕክምና እንደ እጀታ የሚያዘው ጥምዙ እጅግ ከከፋ ነው። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የኖረው አሜሪካዊ ሐኪም ሪክ ሆድስ ለቀዶ ጥገና ወደ ጋና ከሚልካቸው ልጆች ብዙዎቹ አብሯቸው በተወለደ ችግር ወይም በአከርካሪ ቲቢ የተነሳ ጀርባቸው ከ100 ዲግሪ በላይ የተጣመመ ነው። አክራ ውስጥ ጋናዊው ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄ በመሠረቱት ሆስፒታል የብረት ቀለበት የራስ ቅላቸው ላይ በብሎን ይታሰራል፤ በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ ክብደት ራስን ወደ ላይ፣ የልጁ የራሱ ክብደት ደግሞ ጀርባን ወደ ታች ይስባሉ። ልጆቹ በዚሁ እንደተንጠለጠሉ በተሽከርካሪ ወንበር ይቀመጣሉ፣ በመቆሚያ እየታገዙ ይራመዳሉ፣ ይጫወታሉም። ይህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። ክብደቱ የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ሐኪሞቹም የዓይንና የምላስ እንቅስቃሴን፣ የእጅና የእግርን ጉልበት በየቀኑ ይፈትሻሉ፤ ስቦ የማቃናቱ ኃይል ከራስ ቅል የሚወጡትን ነርቮች ወይም ኅብለ ሰረሰርን ከነካ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነውና።