ዳውን ሲንድረም፦ ሐኪሙ ለአዲስ ወላጆች ምን ይበል? እንዴትስ ይበል?

ዳውን ሲንድረም በአብዛኛው የሚከሰተው ሕፃኑ 21ኛውን ክሮሞዞም እንደ ሌላው ሰው ሁለት ሳይሆን ሦስት ሆኖ ሲወርስ ነው። በአሜሪካ ከሚወለዱ 700 ያህል ሕፃናት አንዱ ይህ ሁኔታ አለበት። ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1866 በጽሑፍ ያሰፈረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ነው፤ መንስኤው ተጨማሪ ክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው ግን ከ93 ዓመት በኋላ፣ በ1959 በፈረንሳይ ነው። ምርመራው በዚህ መንገድ ሲራቀቅ፣ ውጤቱን ለወላጅ የመንገሩ ጉዳይ ለየሐኪሙ ጠባይና ዕድል ተትቶ ኖሯል። ደግ ሐኪም የገጠማቸው ወላጆች በደህና ያልፉታል፤ ያልገጠማቸው ደግሞ በዚያች ቀን የሰሟትን ክፉ ቃል ልጃቸው ካደገ በኋላም አይረሷትም።

ጉዳዩን በጥናት ካወጡት መካከል አንዱ አሜሪካዊው ብራየን ስኮትኮ ነው። ስኮትኮ ዳውን ሲንድረም ያለባት እህት አለችው። በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ውጤቱ የተነገራቸው 985 አሜሪካውያን እናቶች የሰጡትን መልስ ሰብስቧል። ብዙዎቹ በጊዜው እጅግ ፈርተው እንደነበር፣ ሐኪሞቹም ስለ ልጁ መልካም ጎን እምብዛም እንዳላነሡ፣ ወቅታዊ የሆነ የጽሑፍ መረጃም በበቂ እንዳልተሰጣቸው ተናግረዋል። መልስ ሰጪዎቹ የወላጅ ማኅበራት አባላት ስለነበሩ የሁሉንም ወላጅ ድምፅ ይወክላሉ ማለት አይቻልም። ሆኖም በስፔን በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት እናቶች ያነሡት ቅሬታ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ስኮትኮና ባልደረቦቹ በ2009 ቀደምት ጥናቶችን ሁሉ አገላብጠው ለሐኪሞች ምክር አወጡ። እንደ ምክሩ፣ ሐኪሙ ጥርጣሬ እንዳደረበት ሳይዘገይ መናገር አለበት፤ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ዝም ማለት አይገባውም። ይህ ለብዙ ሐኪሞች የሚከብድ ነው። ሳያረጋግጡ ወላጅን ማስጨነቅ ጭካኔ ይመስላቸዋልና። ነገር ግን እናት የነርሶቹን ሹክሹክታና የሐኪሙን መመላለስ ታያለች። የሚደበቃት ነገር እንዳለ ከገባት በኋላ የሚነገራትን ለማመን ትቸገራለች።

የሚናገረውም ሐኪሙ ራሱ ነው፤ የሚቻል ከሆነ ያዋለደው ሐኪምና የሕፃናት ሐኪሙ አብረው ቢገኙ ይመረጣል። እናትና አባት በአንድነት፣ ሰው በማይገባበት ክፍል ይቀመጣሉ። ሕፃኑም እዚያው ይሁን፣ ስም ከወጣለት በስሙ ይጠራ። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። በእናቱ እቅፍ ያለ ልጅ ልጅ ነው፤ በሌለበት የሚወራለት ግን በሽታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ንግግሩ በደስታ መግለጫ ይጀምራል፤ «አዝናለሁ» ወይም «የሚያሳዝን ዜና አለኝ» ብሎ መክፈት አይመከርም። በእኛ ዘንድ ለወለደች ሴት የሚባለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የወለደችውም በሰላም ተገላግላለች፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቢገባባት ግን የቤቱ አየር ወዲያው የለቅሶ ቤት ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ሐኪሙ ያየውን ይዘረዝራል፦ የጡንቻ መላላት፣ ወደ ላይ የቀና የዓይን ቅርጽ፣ በመዳፍ ላይ ያለ አንድ ወጥ መስመር። ከእነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን ማረጋገጫ አይደሉም፤ የሚያረጋግጠው ከደም የሚሠራው የክሮሞዞም ምርመራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የሕክምና መጻሕፍት ፎቶግራፎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ዝርያ ያላቸውን ሕፃናት የሚያሳዩ ነበሩ፤ በመሆኑም በሌላ ሕዝብ ልጅ ላይ ምልክቱን ለይቶ ማየት ሊያስቸግር ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሰው ዘረመል ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከአፍሪካና ከእስያ ጭምር ፎቶ እየሰበሰቡ ክፍተቱን ለመሙላት ሠርተዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገር መዘርገፍ አያስፈልግም። ምክሩ፣ በሕፃኑ ላይ የታየውን ወይም የተጠረጠረውን፣ እንዲሁም አንድ ዓመት ሳይሞላው ሊመጣ የሚችለውን ብቻ መንገር ነው። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ የልብ ችግር ስላለባቸው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ለሁሉም ይታዘዛል። የታይሮይድ ዕጢ፣ የመስማትና የደም ምርመራም አለ፤ ጡት ለመጥባት የሚቸገር ከሆነ እናቲቱን የሚረዳ ባለሙያ ይፈለጋል። በአርባ ዓመት ሊያጋጥም የሚችለውን የመርሳት በሽታ ለአራስ እናት ማውራት ግን ከመረጃ አይቆጠርም።

ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር ራሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በ1983 በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል። ለውጡን ካመጡት ዋነኛው የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ከሰላሳ ዓመት በፊት የተማረውን ደግሞ የሚናገር ሐኪም፣ ሳያውቀው ወላጆችን ያሳስታል። ሁሉን ነገር ማር አድርጎ መሳልም ከዚህ አይሻልም። የልጁ ዕድገት ይዘገያል፣ በትምህርት ድጋፍ ይፈልጋል፣ የሚችለው መጠን ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት።

በአሜሪካ ጉዳዩ እስከ ሕግ ደርሷል። በ2008 ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና ሴናተር ሳም ብራውንባክ፣ አንዱ ዴሞክራት ሌላው ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ፣ በጋራ ያቀረቡት ሕግ ጸደቀ። ዓላማው ከወሊድ በፊትም ሆነ በኋላ ውጤት የሚነገራቸው ወላጆች ወቅታዊና ሚዛናዊ መረጃ እንዲያገኙ ነው። ሕጉ ወጣ እንጂ ማስፈጸሚያ ገንዘብ አልተመደበለትም። ማሳቹሴትስ በ2012፣ ፔንሲልቬንያ በ2014 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከነፍሰ ጡሯ ደም የሚሠራ አዲስ ምርመራ ገበያ ላይ ስለዋለ፣ ውይይቱ ገና በእርግዝና ጊዜ የሚጀመርባቸው ቤተሰቦች በዝተዋል። ይህ ምርመራ ጥርጣሬን የሚያጠነክር እንጂ ማረጋገጫ አለመሆኑን ሐኪሙ አስረግጦ መንገር አለበት።

አነጋገር በትምህርት ይሻሻላል። በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በኮምፒውተር ላይ ከምናባዊ ወላጆች ጋር የሚለማመዱበት ሥልጠና ተዘጋጅቷል፤ ለወላጆች የሚታደል፣ በሐኪሞችም በወላጅ ማኅበራትም የታየ መጽሐፍም ከዚያው ይሠራጫል። መጽሐፉ ሐኪሙን አይተካም፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የሰማውን አብዛኛውን ስለሚረሳ፣ ቤቱ ሲገባ ረጋ ብሎ የሚያነበው ይሆንለታል።

በውጭ አገር ለሚወልዱ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ታላቅ ልጅ ወይም የጎረቤት ሴት እንዲያስተረጉም ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ያስተረጎመው ሰው የፈራውን ይቆርጣል፣ ያዘነለትን ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ ወላጆች የሚጠቅማቸው ከሌላ ወላጅ ጋር መገናኘት ነው። ሐኪም የልብ ቀዳዳን ያስረዳል፤ የአንድ ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚመገብ፣ ዘመድ ሲጠይቅ ምን እንደሚመለስ የሚያውቀው ግን በመንገዱ ያለፈ ወላጅ ነው። በአዲስ አበባም ዲቦራ ፋውንዴሽንን የመሰለ በዚሁ ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት አለ። ስለዚህ እናቲቱ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ከኢኮው ቀጠሮ ጋር የአንድ ወላጅ ማኅበር ስልክ በእጇ ሊኖር ይገባል።