ጨረቃ ከዲላ ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች?

አዲስ አበባ ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ይህ ቁጥር ዛሬም ነገም ያው ነው። የጨረቃን ርቀት ግን በአንድ ቁጥር መጨረስ አይቻልም። ከትምህርት ቤት የምናውቀው 384,400 ኪሎ ሜትር አማካዩ ነው። እውነተኛው ርቀት ሳያቋርጥ ይለዋወጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ357 ሺህ እስከ 406 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመላለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምድርን ዙሪያዋን ከመዞር ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከምሕዋሯ ቅርጽ ነው። ጨረቃ ምድርን የምትዞርበት መንገድ ሞላላ ነው፤ ምድርም ከመሐሉ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ፈንጠር ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ጨረቃ በየወሩ አንድ ጊዜ ትቀርባለች፣ አንድ ጊዜ ትርቃለች። በዚህ ላይ የፀሐይ ስበት ይጨመራል። የሞላላው ረጅሙ ወገን ወደ ፀሐይ ሲያነጣጥር ሞላላው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ያኔ ጨረቃ እስከ 357 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ትጠጋለች። አቅጣጫው ሲለወጥ ግን በወሩ ውስጥ በጣም የቀረበችበት ቀን እንኳ ርቀቷ 370 ሺህ ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ወራቱ እኩል የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ትልቋ ሙሉ ጨረቃ በየዓመቱ በአንድ ወር የማትወጣው ለምንድን ነው? መልሱ በሁለት ቆጠራዎች ውስጥ ይገኛል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጨረቃን ወር 29 እና 30 ቀን እያፈራረቁ የሚቆጥሩትም ለዚህ ነው። ከቅርብ ነጥብ እስከ ቅርብ ነጥብ ግን 27 ቀን ተኩል ብቻ ነው። ሁለቱ በየወሩ በሁለት ቀን ይለያያሉ፤ አሥራ አራት ሙሉ ጨረቃና አሥራ አምስት ቅርብ ነጥብ ሲሞላ፣ ማለትም ከ413 ቀን በኋላ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ጥቅምት 26 ቀን 2018 የታየችው ትልቅ ጨረቃ አቻ በ2019 ታኅሣሥ 15 ላይ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ የምትሞላው በዚሁ ስሌት ነው።

በዜና «ሱፐርሙን» የምትባለው ይህች ቅርብ ሙሉ ጨረቃ ከሩቋ ጋር ስትነጻጸር በስፋት 14 በመቶ፣ በብርሃን 30 በመቶ ያህል ትበልጣለች። የርቀቱን ውጤት በቀን ብርሃን ያየንበት ጊዜም አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም፤ ላሊበላ ላይ የቀረው ብርሃን ቀለበት ሠርቶ ታየ። ከዲላ የታየው ከፊል ግርዶሽ ነበር።

ዲላ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስድስት ዲግሪ ተኩል እንኳ ስለማትርቅ ጨረቃ በየወሩ ሁለት ጊዜ ከአናቷ በላይ ልታልፍ ትቀርባለች። ከቡሌ ደጋ በኩል ስትወጣ ግዙፍ መስላ የምትታየው ዓይናችን አታሎን ነው። እንዲያውም አናት ላይ ስትደርስ ከወጣችበት ሰዓት ይልቅ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትቀርበናለች፤ ምድር ስትሽከረከር እኛንም ወደ እርሷ ይዛን ትጠጋለችና።

የጨረቃን ርቀት በዚህ ትክክለኛነት የምናውቀው የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ተክለው በመጡት መስታወት አማካይነት ነው። ከምድር የተላከው የሌዘር ብርሃን ተንጸባርቆ እስኪመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። ልኬቱ ጨረቃ በየዓመቱ በአማካይ 3.8 ሴንቲ ሜትር እየራቀችን መሆኑንም አሳይቷል።

ተማሪዎች የጨረቃን በየወሩ መቅረብና መራቅ በእጃቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በየወሩ ሙሉ ጨረቃ ከፍ ስትል በአንድ ስልክ፣ ዙሙን ሳይቀይሩ ፎቶ ማንሳትና ስፋቷን በማስመሪያ መለካት ነው። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር የታገሠ ክፍል የጨረቃን ዑደት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ደብተር ያነባል።