ጂቡቲ ወርዳችሁ ልትጠልቁ ነው? መጀመሪያ ውሃ ጠጡ!

ከኅዳር እስከ ጥር የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ በሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይታወቃል። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ አይታችሁ «እኔስ ስኩባ ልሞክር» ካላችሁ፣ ከካሜራው በፊት መዘጋጀት ያለበት ሰውነታችሁ ነው።

ውሃ ውስጥ ሆኖ ውሃ መጠማት ግራ ያጋባል አይደል? በጀርባ የሚታዘለው ሲሊንደር የያዘው አየር ደረቅ ስለሆነ በየትንፋሹ እርጥበት ይወስድባችኋል። ባሕር ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የእጅና የእግር ደም ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ኩላሊትም ፈሳሽ የበዛ መስሎት ሽንት ያበዛል። የጂቡቲን ሙቀት ጨምሩበት።

10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ነው። በዚህ ግፊት ናይትሮጅን ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣችሁ እንደተናጠ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስም ሽባ ያደርጋል። ፈሳሽ ያጠረው ሰውነት ደግሞ ይህን ጋዝ ወደ ሳንባ አድርሶ ማስወጣት ይከብደዋል።

ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፤ ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢራና ጫት ይቆዩ፣ በደንብ ተኙ። ከሳምንታት በፊት ዋናና ፈጣን እርምጃ ጀምሩ። ጉንፋን ከያዛችሁ ቀኑን ለውጡ፤ የታፈነ ጆሮ ግፊቱን አይችለውም። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጥለቅ።

ውሃ መጠጣት ግን ቀስ ብሎ መውጣትን አይተካም። በደቂቃ ከ9 ሜትር አትለፉ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ። ትንፋሽ መያዝ ፈጽሞ አይቻልም፤ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ትልቁ ጉዳይ መልሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ግፊት ብዙም አትለይም። የጠላቂዎች መመሪያ ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይቆዩ መብረርን አይመክርም። በመኪና ወይም በባቡር ሽቅብ የሚመለስም ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የመልስ ትኬት ስትቆርጡ አንድ ሙሉ ቀን ተዉ።

ከወጣችሁ በኋላ መደንዘዝ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኦክስጅን ጠይቁ፤ ወደ ሐኪም ፍጠኑ።