ቮልስን በገዛ እጅ

አዲስ አበባ ውስጥ ከንጉሡ ዘመን የተረፈ መኪና ዛሬም በገዛ ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ቮልስ ናት። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ይህች መኪና ምርቷ ከቆመ ቆይቷል። የመጨረሻዋ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ስትገጣጠም በዓለም ዙሪያ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ደርሰው ነበር። እኛ ጋ ያሉት ግን አብዛኞቹ ከዚያ እጅግ የሚቀድሙ ናቸው። ይህን ያህል ዕድሜ የሰጣቸውን ነገር ብዙ ሰው የጀርመን ብረት ነው ይላል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ቮልስ ባለቤቷ ራሱ አውቋት፣ ፈትቶ ሊገጥማት የሚችል መኪና ናት።

የኋላ ኮፈኗን ክፈቱ። ራዲያተር የለም፤ የውሃ ፓምፕም የለም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። የሚያቀዘቅዛቸው ዘይቱና ከዲናሞው ዘንግ ላይ የተገጠመው ማራገቢያ የሚነፋው አየር ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር አጥብቀው የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው።

ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ እየነዳችሁ የዲናሞው ቀይ መብራት ቦግ ካለ «እንደምንም ቤት ልድረስ» አይባልም። ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ አየር አጥቷል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ትርፍ ቺንጋ፣ የዲናሞውን ፑሌጃ የሚፈታ መፍቻና አንድ ካቻቢቴ ከመኪናው አይጥፉ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ቺንጋው ከላላ ከመካከል አንዷን አውጥቶ ወደ ውጭ ማዛወር ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከሰጠ ልክ ነው። የወጣችው ሮንዴላም ከፑሌጃው ውጭ ስለምትታሰር አትጠፋም። የነደፈው ሰው ስለ ባለቤቱ ምን ያህል እንዳሰበ ከዚህች ትንሽ ነገር ይታያል።

የዘይቱ ሥራ ቀላል ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃታል። የሚጣል ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር የሽቦ ወንፊት ብቻ አለ። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየርና ወንፊቱን ማጠብ ግዴታ ነው። በአቧራ መንገድ የሚነዳ ሰው ከዚያም ማሳጠር አለበት።

ባለቤት ሊለምደው የሚገባው ትልቁ ሥራ የቫልቭ ማስተካከል ነው። ሞተሩ ፍጹም መቀዝቀዝ ስላለበት ከማለዳ የተሻለ ሰዓት የለውም። የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንሡ፤ ከዚያ ውስጡ ያለው ጣት በዲስትሪቡተሩ ጠርዝ ላይ ካለው ጭረት እስኪገጥም ድረስ ሞተሩን በመፍቻ አዙሩ። አንደኛው ሲሊንደር ከጫፍ ደረሰ ማለት ነው፤ ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተዋል። የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ሰብቃችሁ ክዳኑን አውርዱና የ0.15 ሚሊ ሜትር መለኪያ ቅጠሉን በቫልቩና በማስተካከያ ብሎኑ መካከል አስገቡ። ያለ ምንም መያዝ ካለፈ ላልቷል፤ አልገባም ካለ ጠብቋል፤ ቀስ ብሎ እየጎተተ ካለፈ ልክ ነው። በብሎኑ አስተካክላችሁ ማሰሪያ ፍሬውን ስታጠብቁ ልኩ ስለሚዛባ ደግማችሁ ለኩ። ይህ ልክ የሚሠራው ለአብዛኞቹ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ነው።

የላላ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ይደነግጣል። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ድምፅ የማያሰማው፣ የጠበቀው ነው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስተላለፍ ያቅተውና ይቃጠላል። በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር ጭስ አስወጪ ቫልቭ በጥንቃቄ ይታይ፤ በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ቆሞ የሚደርሰውን አየር ይቀንስበታልና። ሞተሬ ጸጥ አለ ብሎ መኩራት ይህን ሲሊንደር አያድነውም።

የአዲስ አበባ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከፍታ ጋር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ጫፉን እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚኑ በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ነጣ ካለ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው። አራቱንም በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል መደርደር አይረሳ፤ ችግሩ የአንዱ ነው የሁሉም የሚለውን የሚለየው እሱ ነው።

መለዋወጫው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ መሄድ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ፍሬንን ግን ያልተማረ ሰው በግምት እንዳይነካው፤ ያ የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው። ክሪክ ብቻ ተማምኖ መኪና ሥር መግባትም ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ከሥሯ ይቁም።

ቮልስ ያላችሁ ሁሉ፣ ከሌላው ሥራ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን የጎማ ቧንቧ በጣታችሁ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። የቮልስ ሞተር እሳት ሲነሣበት ብዙ ጊዜ መነሻው የደረቀና የተሰነጠቀ የቤንዚን ቧንቧ ነው። ስንጥቅ ካያችሁበት ቀይሩት፤ ሳትቀይሩ ሞተሩን አታስነሡ።